ከመጋረጃው በስተግራ

ጥቅምት 3 ቀን

ለተከበሩ አባባ፣

ይህ ደብዳቤ በጤናና በሰላም ያግኝዎት። ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ቤትዎን ክፉ አይንካብኝ።

ይህን ሁሉ ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ከርሜ አሁን ለጉዳይ ስጽፍልዎ አፍሬያለሁ። እናቴ በሕይወት ብትኖር «የእህቴን ባል ያስታወስሽው ሥራ ሲያስቸግርሽ ነው?» ብላ ጆሮዬን ትይዘኝ ነበር። እውነቷን ነው።

እዚህ የምማረው የቴአትር ታሪክ ነው። ለዶክትሬት የምጽፈውም የድሮ ቴአትሮችን በዛሬ ንድፈ ሐሳብ መልሶ ስለ ማንበብ ነው። ምን ማለት መሰለዎት፤ እስከ ዛሬ ታሪኩን የጻፉት ደራሲዎቹና አዘጋጆቹ ናቸው። እኛ ደግሞ ያልተጻፈላቸውን ሰዎች እንፈልጋለን። የዛሬ ዓመት ከመንፈቅ የእናንተ ቴአትር ቤት የድሮ መዛግብት በፎቶ ተነስተው ሲደርሱኝ ከመካከላቸው አክስቴን አገኘኋት።

የፎቶግራፉን ቅጂ አብሬ ልኬያለሁ። ሦስተኛው ገቢር ነው። ባሏን ሆኖ የሚጫወተው ሰው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እሷ ፊቱ ቆማለች። አፏ ተዘግቷል። ፊቷን ወደ ግራ አዙራለች። ከፎቶግራፉ ጀርባ በእርሳስ «ዝም ያለችበት ማታ» የሚል ተጽፎበታል። እኔ አክስቴን የማስታውሳት ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ስታስተምረኝ ነው። እንዲህ ቆማ አይቻት አላውቅም።

ስለዚያች ማታ የሚያስታውሱትን ቢጽፉልኝ? ፎቶግራፉን ለማተምም የእርስዎን ፈቃድ እፈልጋለሁ።

ጉልበትዎን ስሜ፣
የእህቷ ልጅ

ኅዳር 19 ቀን

ይድረስ ባሕር ማዶ ላለችው ልጄ፣

እንደምን አለሽ? እንደምን ከረምሽ? እኔ እንደ አሮጌ በር ነኝ፤ ሲጢጥ እላለሁ እንጂ አልወድቅም። ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ከሰው በታች አያርግሽ።

ደብዳቤሽ ሲደርስ ፖስተኛው «ከውጭ ነው አባባ፣ ላንብብልዎት?» አለኝ። «የደከመው ዓይኔ ነው እንጂ ጭንቅላቴ አይደለም» ብዬ ከእጁ ነጠቅኩት። መልሱ የዘገየው በዚሁ በዓይኔ ነው። አንድ ገጽ ስጽፍ አራት ቀን ይፈጅብኛል። ጽሕፈቴ ቢያስቅሽ ሳቂ፤ እኔ አልሰማሽም።

እንግዲህ ልንገርሽ። ሃያ ሦስት ዓመት ቃል አስታዋሽ ነበርኩ። ተዋናይ መድረክ ላይ ቃል ሲጠፋው ከጥግ ሆኖ በሹክሹክታ የሚያቀብለው ሰው ማለት ነው። ከመጋረጃው በስተግራ አንዲት በርጩማ፣ አንዲት ትንሽ አምፖል፣ ጉልበቴ ላይ ጽሑፉ። ጥሩ አስታዋሽ ተዋናዩ ከመርሳቱ በፊት ያውቃል። ጉሮሮውን ያያል፤ ጉሮሮ አይዋሽም። ጭብጨባ ሲመጣ ግን ወደ ጥግ የሚዞር የለም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅ። ከተዋናዮቹ የኔን እጅ ያልፈለገ አልነበረም። ያኔ የነበረው አዘጋጅ «አንተ የሌለህበት ቴአትር ዓይነ ስውር ነው» ብሎኛል፤ በሰው ፊት።

ስለዚያች ማታ ጠየቅሽኝ። አዎ፣ ዝም ብላለች። አክስትሽ እምቢ ካለች እምቢ የምትል ሴት ነበረች። ምን ማለት እንደሆነ የምታውቂው የተማርሽው አንቺ ነሽ። እኔ ምን ልጨምር።

ፎቶግራፉን አትሚው። ግድግዳዬ ላይ ልሰቅለው ነበር፤ ግን መሳቢያ ውስጥ አደረግኩት፤ ፀሐይ ያደበዝዘዋል።

የምትጽፊውን ፊደሉን ጎላ አድርገሽ ላኪልኝ። ሌላ ምንም እንዳትልኪ። ካልሲ ሞልቶኛል።

የአክስትሽ ባል

ታኅሣሥ 8 ቀን

የተከበሩ አባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? ጽሕፈትዎን ሳይ አልሳቅሁም፤ አለቀስኩ እንጂ። አራት ቀን ለእኔ ብለው! ፈጣሪ ዓይንዎን ያብራልዎ።

እንዳሉኝ ምዕራፉን ፊደሉን አጉልቼ ልኬያለሁ፤ ሠላሳ ገጽ ሆነ። እንዳይሰለቹ ዋናውን እዚህ ልንገርዎ።

በመዝገቡ እንዳየሁት ቴአትሩ መጀመሪያ ሲጻፍ በመጨረሻው ሚስትየዋ ባሏን ተናግራው ከቤት ትወጣለች። በዚያች ቀን ግን አዘጋጁ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ አዲስ ገጾች አደለ። በአዲሱ ሚስትየዋ ተንበርክካ ይቅርታ ትጠይቃለች። መጋረጃው የሚከፈተው በአሥራ ሁለት ነው። አክስቴ ወጣች፣ የአዲሱን ቃል የመጀመሪያ አረፍተ ነገር ተናገረች፣ ከዚያ አራት ደቂቃ ሙሉ ዝም አለች። መጋረጃው ተዘጋባት።

በሦስተኛው ቀን የቴአትር ቤቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረበች። ቃለ ጉባኤው እጄ ላይ ነው። «አስታዋሹ ቃሉን አላቀበለም ወይ?» የሚል ጥያቄ አለ። «አቀብሎኛል፤ ሰምቻለሁ። ማለት ስላልፈለግሁ ነው» ትላለች። ይቺ አንዲት መልስ ከመድረክ አውርዳ ልብስ ስፌት ክፍል አስገባቻት፤ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ አሥራ አንድ ዓመት።

አባባ፣ እስከ ዛሬ የተጻፈው ታሪክ «ተዋናይዋ ስለረሳች ዝግጅቱ ተቋረጠ» ብሎ በአንድ መስመር ያልፋታል። እኔ ግን ዝምታ ባዶ ቦታ አይደለም ባይ ነኝ። ወንድ የጻፈላትን ይቅርታ በአካሏ ሰርዛዋለች። ፊቷን ወደ ግራ ማዞሯም እንዲሁ አይደለም። ከቴአትሩ ባሏ ዓይንም ከተመልካቹ ዓይንም ወጥታ ሌላ ቦታ መረጠች፤ መድረኩ ላይ የሌለ፣ ገና ያልተጻፈ ቦታ።

የዚህን ምዕራፍ አጭር ቅጂ በመጽሔት ካወጣሁ በኋላ ቴአትር ቤቱ ጻፈልኝ። በግንቦት ማለቂያ የልምምድ አዳራሹን በአክስቴ ስም ሊሰይሙት ነው። እርስዎም ንግግር እንዲያደርጉ ይፈልጋሉ። ጽሑፉን አዘጋጅተው ይሰጥዎታል፤ የእርስዎ ሥራ ማንበብ ብቻ ነው።

ደስ አይልም?

የእህቷ ልጅ

የካቲት 2 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ አለሁ።

ሠላሳ ገጽሽ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ንድፈ ሐሳብ ያልሽውን ክፍል ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ በስህተት ጎረቤት ቤት የገባሁ መሰለኝ። ወንበሩ ሌላ፣ ሰዉ ሌላ። መካከል ላይ አክስትሽ ቁጭ ብላለች፤ ግን እሷም አላወቀችኝም።

ሴትዮዋ ማሰሪያው የላላ ጫማ የምታደርግ፣ ሳል ሲይዛት የምትቆጣ፣ መድረክ ልትወጣ ስትል ሁሌ ሽንቷ የሚመጣባት ሴት ነበረች። አንቺ ሐውልት አድርገሻታል። ሐውልት ደግሞ ርግብ ያርፍበታል እንጂ ሰው አይጠይቀውም።

ስለዚህ ይህን ምዕራፍ ተይው። ሌላ ተዋናይ ፈልጊ፤ ሞልተዋል። ለምን አትበይኝ።

ወደ ግራ ያልሽውንም አጥፊው። ያልተጻፈ ቦታ አይደለም። በርጩማ ያለበት ቦታ ነው።

የቴአትር ቤቱ አዲስ አዘጋጅ ቤቴ ድረስ መጣ። ልጅ ነው፤ ጢሙ ከሱ በዕድሜ ይበልጣል። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ፤ ጎረቤቱ ሁሉ በመስኮት አየ። እሺ አልኩት። ኮቴን ላውንደሪ አስገብቻለሁ።

የአክስትሽ ባል

የካቲት 20 ቀን

የተከበሩ አባባ፣

እንደምን አሉልኝ? ይቅርታ ያድርጉልኝና ደብዳቤዎ ግራ አጋባኝ። በአንድ በኩል ምዕራፉን ተይው ይሉኛል፤ በሌላ በኩል ለዚያው ምዕራፍ ክብር ኮት ያሳጥባሉ።

ያስቀየምኩዎት ነገር ካለ ተሳስቼ ነው። ምዕራፉን ግን እንዲሁ ልተወው አልችልም። የአራት ዓመት ትምህርቴ በእሱ ላይ ቆሟል፤ ፈተናዬም ሰኔ ላይ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። እርስዎ በርጩማው ላይ ነበሩ። አክስቴ ወደ ግራ ስትዞር ምን እያየች ነበር?

የእህቷ ልጅ

መጋቢት 27 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን አለሽ አልልሽም፤ ይህን አንብበሽ እንዴት እንደምትሆኚ አላውቅም። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ ብቻ።

እኔን ነበር የምታየው።

ማንበብ አልችልም ነበር። ይኸው፣ ጻፍኩት። ይቺን አንድ መስመር ለመጻፍ ከየካቲት እስከ መጋቢት ፈጀብኝ፤ ዓይኔን ግን አላመመኝም። ዓይኔ ደህና ነው። ድሮም ደህና ነበር።

ቴአትር ቤት የገባሁት በጽዳት ነው። ልምምድ ሲደረግ ወለል እወለውላለሁ፤ የሰማሁት አይጠፋኝም። አንድ ማታ አስታዋሹ ታሞ ቀረና ተዋናዩ ቃል ጠፋው፤ እኔ መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ከጥግ አቀበልኩት። ቴአትሩን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ አውቀው ነበር። አዘጋጁ በማግስቱ ጠርቶ «ካሁን በኋላ ቦታህ እዚህ ነው» ብሎ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠልኝ። አልችልም ማለት ነበረብኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር፤ አመሰገንኩና ገጽ ገለጥኩ።

አክስትሽን ያገባሁት በዚያው ዓመት ነው። ማታ ማታ «ቃሌን ላጥና» ብላ ጮክ ብላ ታነባለች፤ የራሷን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም። እኔ ሸሚዝ እየተኮስኩ በጆሮዬ እለቅማለሁ። እንዴት አታለልኳት እያልኩ በልቤ እስቅ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አንድ ነገር ገባኝ። «በግራ ይገባል፤ መብራት ይቀንሳል፤ መጋረጃ» የሚለውን ሁሉ ታነባለች። የትኛዋ ተዋናይ ናት የመጋረጃ ሳቢውን ሥራ የምታጠና? ታውቅ ነበር። እንደምታውቅ አወቅኩ። አንድም ቀን ግን አልተነጋገርንበትም። እሷ ታነባለች፣ እኔ እተኩሳለሁ። እንዲህ ነበር የምንሠራው።

ያን ቀን አዲሱ ወረቀት በአሥር ሰዓት መጣ። ወረቀቱን ይዛ እየሮጠች ወደ ጥጌ መጣች። «ስማ፣ ስማ» ብላ የመጀመሪያውን አረፍተ ነገር እንዳነበበችልኝ ለልብስ ልክ ጠሯት። ሄደች። ሌሎቹም ወደየክፍላቸው ሄዱ። እኔ ወረቀቱን ይዤ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። የመድረኩ አናጢ «ምነው አላበህ?» አለኝ። «ሞቆኛል» አልኩት።

ወጣች። ያችን አንድ አረፍተ ነገር አለች። ከዚያ ጉሮሮዋን አየሁት፤ ጠፍቷታል። ወደ እኔ ዞረች። አምፖሉ በርቷል፣ ወረቀቱ ጉልበቴ ላይ ነው፣ ፊደሉ ሁሉ አንድ መልክ ነው።

ከዚህ የባሰውን ልንገርሽ። አሮጌውን ቃል አውቀው ነበር። ከቤት የምትወጣበትን፣ የመጀመሪያውን። አፌ ውስጥ ነበር። እሱን ባቀብላት ይዛው ትወጣ ነበር፤ ቴአትሩም ያልቅ ነበር። ግን አዘጋጁ «አዲሱን ወረቀት አላየህም እንዴ?» ቢለኝስ? ከናፍሬን ገጠምኩ። አራት ደቂቃ ሙሉ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም፤ እኔ ወረቀቱን አየሁ፤ የማላነበውን ወረቀት።

ኮሚቴው ፊት ሁለታችንንም አቆሙን። መጀመሪያ የጠየቁት እኔን ነው። «ቃሉን ሰጥተሃታል?» «ሰጥቻለሁ» አልኩ። ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርጎ «እስቲ የሰጠሃትን አንብብልን» አለኝ። «መነጽሬን ረስቻለሁ» አልኩ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። አንዱ መነጽሩን አውልቆ ሊሰጠኝ እጁን ሲዘረጋ ነው አክስትሽ ብድግ ያለችው። «አቀብሎኛል፤ ሰምቻለሁ። ማለት ስላልፈለግሁ ነው» አለች።

ያ ነው እምቢታሽ።

ወደ ቤት በእግራችን ሄድን። መንገድ ላይ የተናገረችው «ዳቦ ገዝተን እንግባ» የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እሷ የማትጫወተውን ቴአትር ሁሉ በየማታው አነበበችልኝ። «በግራ ይገባል፤ መጋረጃ።» እኔም ሸሚዝ እተኩስ ነበር።

ስትሞት የሚያነብልኝ አጣሁ። ያኔ ነው የማታ ትምህርት የገባሁት፤ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ተቀምጬ። እንግዲህ ይህን ጽሕፈት የተማርኩት በሷ ሞት ነው።

ደራሲው ያላሰበችውን አስባላት። እኔ ማለት የፈለገችውን ነፈግኳት። አንቺ ደግሞ እምቢ አስባልሻት። ሦስታችንም አልጠየቅናት።

የአክስትሽ ባል

ግንቦት 4 ቀን

የተከበሩ አባባ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ደብዳቤ ጽፌ ቀድጃለሁ። ይህ ሦስተኛው ነው፤ ሳልቀድደው ፖስታ ቤት እሄዳለሁ።

መጀመሪያ የጻፍኩት «ቢሆንም ምንም አይለወጥም» የሚል ነበር። አስተማሪዬም የነገሩኝ ይህንኑ ነው፤ የተዋናይዋ ሐሳብ ምን እንደነበረ ሳይሆን ዝምታው በተመልካቹ ፊት የሠራው ሥራ ነው የሚነበበው አሉኝ። ቆንጆ አባባል ነው። ሌላ ጊዜ አምንበታለሁ። አሁን ግን በእሱ ልደበቅበት ፈልጌ እንደነበር አውቃለሁ።

ምክንያቱም አባባ፣ መነጽሩን አንብቤዋለሁ።

ቃለ ጉባኤው ላይ አለ። ከአክስቴ መልስ በላይ፣ ሁለት መስመር ብቻ፤ «አስታዋሹ ገጹን እንዲያነብ ቢጠየቅ መነጽር አልያዝኩም ብሏል።» የዛሬ ሁለት ዓመት ሳየው ጣቴ ቆመ። ይህ ሰው ለምን አላነበበም? ብዬ ጠይቄያለሁ። ከዚያ ለጽሑፌ አላመቸኝም። ጥቅሱን ስገለብጥ በዚያ ቦታ ሦስት ነጥብ አድርጌ አለፍኩት። ያልተጻፈላቸውን ሰዎች እፈልጋለሁ ብዬ ሳበቃ የተጻፈውን ሰው በነጥብ ሸፈንኩት። ያ ሰው የአክስቴ ባል እንደነበረም አውቃለሁ።

ይህን ብዬ ደግሞ የምለምንዎትን ይስሙ። ፈተናዬ ሰኔ 20 ነው። ስያሜው ግንቦት 29። እባክዎ በዚያ ቀን የሰጡዎትን ያንብቡና ይውረዱ። ከፈተናው በኋላ ሁሉንም በእጄ አስተካክለዋለሁ። ሦስት ሳምንት ብቻ ዝም ቢሉልኝ።

እንዲህ ብዬ ስጽፍ ራሴን በመስታወት ማየት አልፈልግም። ግን ጽፌዋለሁ።

የእህቷ ልጅ

ሰኔ 6 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጉልበቴን ብትጠይቂ መድረክ ላይ አልከዳኝም፤ ደረጃው ላይ ነው የከዳኝ።

ዝም በል ያልሽውን አልሰማሁሽም። እንዳልችል መስሎሽ ከሆነ ዝም ማለትስ እችልበታለሁ፤ ከዚያች ማታ ወዲህ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ፈተናሽን ካበላሸሁብሽ እርገሚኝ፤ አይከፋኝም። ሦስት ነጥብሽን ግን ይቅር ብየሻለሁ። አንቺ ሁለት መስመር ነው የሸፈንሽው። እኔ ሰው ነው የሸፈንኩት።

ከሰዓት በኋላ ነበር። አዳራሹ ሞልቷል፤ አብዛኛው ወጣት ነው። ከድሮዎቹ አናጢው መጥቷል፤ ጆሮው ስለደከመ ከፊት ወንበር አስቀምጠውታል። ጢማሙ ልጅ ወረቀቱን ሰጠኝ፤ ፊደሉን አጉልተውልኛል። «ባለቤቴ በዝምታዋ የተናገረች ሴት ነበረች» ይላል መጀመሪያው። አነበብኩት። በሰው ፊት አነበብኩት፤ አንድም ፊደል አልሳትኩም። ልቤ ትንሽ ኮራ አለ፤ አልዋሽሽም። ከዚያ አጠፍኩትና ኪሴ ከተትኩት።

«ይህ እውነት አይደለም» አልኩ። የጻፍኩልሽን ሁሉ ነገርኳቸው። መጥረጊያውን፣ ሸሚዙን፣ መነጽሩን።

አናጢው መሀል ላይ ጎረቤቱን «ምን አለ?» ብሎ ጮኸ።

«ማንበብ አልችልም ነበር አለ!» አለችው አጠገቡ የተቀመጠች ልጅ በጆሮው።

«እሱንማ እናውቃለን!» አለ። «ወረቀቱን ገልብጦ ይዞ አንድ ክረምት ሙሉ አስታውሷል!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔም መሳቅ ይሁን ማልቀስ ጠፋኝ። ለካ ቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር። በኋላ ቀርቤ «እያወቃችሁ እሷ ስትወርድ ዝም አላችሁ?» ብዬ ብጠይቀው «እሷ ለምናን ነዋ» አለኝ። «በየክፍሉ እየዞረች። እንዳትነግሩት፣ ክብሩን ይወዳል፣ አለችን።»

ልጄ፣ ክብር የሚባለውን ነገር ያኔ ከኪሴ አውጥቼ ብጥለው ደስ ባለኝ።

ከዚህ የባሰው ግን ጭብጨባው ነው። ብድግ ብለው አጨበጨቡልኝ። ሰው ሚስቴን ከመድረክ አስወረድኳት ሲል ይጨበጨባል? አንዲት ተማሪ ማስታወሻ ደብተር ይዛ መጣችና «አባባ፣ የእርስዎ አለማንበብም እኮ እምቢታ ነው፤ የጽሑፍን ሥልጣን አለመቀበል» አለችኝ።

«አይ ልጄ፣ ፍርሃት ነው» አልኳት።

ያንንም ጻፈችው።

ሁሉም ወደ ሻይው ሲሄድ አንዲት አሮጊት ከኋላ ወንበር አልተነሳችም። አላጨበጨበችም ነበር፤ አይቻታለሁ። የልብስ ስፌት ክፍሉ ኃላፊ የነበረችው ናት። ከዘራዋን ተደግፋ ጠበቀችኝ።

«ጨረስክ?» አለችኝ።

«ጨረስኩ።»

«አልጨረስክም። ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ።

«ክፍላችን ከመድረኩ ሥር እንደነበረ ታስታውሳለህ?» አለችኝ። «ተረከዝ ሲረግጥ አቧራው ራሳችን ላይ ይወርድ ነበር። በየማታው መጋረጃ ሲከፈት ሚስትህ መርፌዋን ጉልበቷ ላይ ትሰካለች። ከዚያ ከላይ የሚባለውን ሁሉ በከንፈሯ ትላለች። የወንዱንም፣ የሴቷንም። ሲገቡ ትገባለች፤ ሲወጡ ትወጣለች፤ ከወንበሯ ሳትነሳ። አንድ ማታ ከላይ ያለችው ልጅ ቃል ጠፋት። ሚስትህ ቀና ብላ ወደ ጣሪያው ቃሉን ጮክ ብላ አለችው። እኛ ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። መልሳ መስፋት ጀመረች፤ ጣቷን ወጋችው።»

ልጅቷ ቃል የጠፋት ማታ ትዝ ይለኛል፤ ያቀበልኳት እኔ ነኝ።

«እዚህ ሁሉም እምቢ አለች ይላሉ» አለችኝ። «አንተም መጥተህ ለእኔ ብላ ነው ትላለህ። መጫወት እኮ ትፈልግ ነበር። አዲስ አዘጋጅ በመጣ ቁጥር ይጠሩኝ ይሆን ብላ ጫማዋን ትጠርግ ነበር። ሦስት አዘጋጅ መጥቶ ሄዷል። አንተ ከሁሉም ጋር ሻይ ትጠጣ ነበር። አንድ ቀን እንኳ መልሷት ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አልኳት።

«ለምን?»

ለሷ አልመለስኩላትም። ኮቴን ያዝኩና ወጣሁ። ላንቺ ግን እጽፈዋለሁ፤ የምትጽፊው ታሪክ ላይ ይህ እንዲገባ ነው። መልሷት ብላቸው «ያን ጊዜ ምን ሆና ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። ከዚያ አሮጌው ወረቀት ይወጣል። ከዚያ አንብብ ይሉኛል። ይህን ፈርቼ አሥራ አንድ ዓመት በየማታው ከራሷ በላይ ተቀምጬ ለሌላ ሰው ቃል አቀበልኩ። ሥራው ሲያልቅ ወርጄ ከክፍሉ በር ላይ እጠብቃታለሁ። ፀጉሯ ላይ አቧራ አያለሁ። አራግፌላት ወደ ቤት እንሄዳለን።

የአክስትሽ ባል